ጀልባን ከማቆሚያዋ ጋር ማሰር፦ ጥፋቱ ሁሉ የቋጠሮው አይደለም

ጥያቄ፦ «ከአቃቂ ወደ ታች፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ዳር፣ አምስት ሜትር የምትሆን የፋይበር ጀልባ አለችኝ። ለዓሣ መረብ፣ አንዳንዴም ሰው ለማሻገር እገለገልባታለሁ። ማቆሚያውን ከባሕር ዛፍና ከጣውላ ራሴ ነኝ የሠራሁት። ማታ ማታ አፍንጫዋ ላይ ባለው ቀለበት አንድ ገመድ አግብቼ፣ ሳብ አድርጌ አጥብቄ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ደራርቤ እቋጥራለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ገመዱ ተበጥሶ ጀልባዋን እንቦጭ ውስጥ አገኘኋት። ሌላ ጊዜ ውሃው ሞልቶ አፍንጫዋ ተደፍቶ ግማሽ ድረስ ውሃ ገባባት፤ ቋጠሮው አልፈታ ብሎኝ በቢላ ቆረጥኩት። የተረፈውን ገመድ ከሌላ ገመድ ጋር ቀጥዬ ስጠቀም ደግሞ መቀጠያው ሾለከ። ከሁሉም የሚጠነክረው ቋጠሮ የቱ ነው? ወይስ ገመዱን ትቼ ሰንሰለት ላድርግ?»

ምላሽ፦ ከዘረዘሯቸው ጉዳቶች ውስጥ ቋጠሮ አልይዝ ብሎ የመጣው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም መቀጠያው ነው። ገመዱ የተበጠሰው፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻውን ሲፋተግ ስላደረ ነው ማለት ይቻላል። አፍንጫዋ የተደፋው ገመዱ አጭርና ውጥር ስለነበረ ነው። ቋጠሮው አልፈታ ያለው ደግሞ ከመጠን በላይ ስለተደራረበ ነው። ስለዚህ የለመዱትን ቋጠሮ በሌላ ቋጠሮ ለውጠው የቀረውን እንዳለ ቢተዉት፣ በሚመጣው ሐምሌ ያው ይደገማል።

«ጠንካራ ቋጠሮ» የሚለውን ነገር እናጥራው። ቋጠሮ ገመድን ያደክማል እንጂ አያጠነክርም። ገመዱ በሚታጠፍበት ቦታ ከውጭ በኩል ያለው ክር ሲወጠር ከውስጥ በኩል ያለው ይላላል፤ ሸክሙን እኩል ስለማይካፈሉት የተቋጠረ ገመድ እንደ ቋጠሮው ዓይነት ከአቅሙ ከሩብ እስከ ግማሽ ገደማ ያጣል። ያም ሆኖ ለእርስዎ ጀልባ ይህ አያሳስብም። ባለ 12 ሚሊ ደህና የናይለን ገመድ አዲስ ሳለ ከሁለት ቶን በላይ ይችላል፤ ግማሹን ቢያጣ እንኳ አምስት ሜትር ጀልባ በነፋስ ስትጎትተው አትበጥሰውም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ቋጠሮ ላይ አይሠራም፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ቋጠሮ ምንም አልጨመረልዎትም፣ ሲፈታ ግን ቢላ አስመዝዟል። ከጀልባ ቋጠሮ የሚፈለገው ሌሊቱን ሙሉ ሲሳብና ሲላላ ቢያድር እንዳይፈታ፣ ጠዋት በእጅ እንዲፈታ፣ ቢያንስ በአንደኛው ጫፍ ደግሞ ገመዱ ተወጥሮ ሳለ ጭምር ሊለቀቅ እንዲችል ነው።

የእርስዎ ውሃ ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። ትልቁ አቃቂም ትንሹ አቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል ነው የሚገቡት። ይህ ማለት እንጦጦ ሥር ወይም መሀል ከተማ ላይ የወረደው ዝናብ፣ አስፋልትና ቆርቆሮ ስለማይመጠው፣ ተንደርድሮ እርስዎ ጋ ይደርሳል። በእርስዎ ሰማይ ላይ ጠብ ሳይል ውሃው ሊነሣ ይችላል። «ዛሬ አልዘነበም፣ አጥብቄ ልሰራት» የሚለው ስሌት እዚህ የማያዋጣው ለዚህ ነው። ቢሾፍቱ ሄደው የሎጆቹን ጀልባዎች አይተው ከሆነ አጫጭር ገመድ ላይ ታስረው ያገኟቸው ይሆናል። ሆራና ባቦጋያ እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ሐይቆች ናቸው፤ ትልቅ ወንዝ አይገባባቸውም፤ ውሃቸው በአንድ ሌሊት አይዘልም። እዚያ የሚያስቸግረው ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ነው። የእነሱን አስተሳሰር እንዳለ አባ ሳሙኤል ላይ ማምጣት አይቻልም።

ትልቁ መፍትሔ የገመዱ ርዝመት ነው፤ ይህን በቁጥር ማየት ይሻላል። ጀልባዋ ላይ ያለው ቀለበትና ምሰሶው ላይ ያሰሩበት ቦታ በአንድ ከፍታ ላይ ናቸው እንበል። ውሃው አንድ ሜትር ቢነሣ ወይም ቢወርድ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ሜትር ከነበረ ገመዱ 41 ሳንቲ ሜትር ተጨማሪ ይፈልጋል። ርቀቱ ሁለት ሜትር ከነበረ የሚፈልገው 24 ሳንቲ ብቻ ነው። አምስት ሜትር ከሆነ ደግሞ 10 ሳንቲ ይበቃዋል። አሥር ሳንቲ የናይለን ገመድ በራሱ መለጠጥ የሚከፍለው ዕዳ ነው። አጭር ገመድ ላይ ግን 41 ሳንቲ ከየት ይምጣ? ከየትም ስለማይመጣ አፍንጫዋን ይደፋታል፤ ውሃው ሲወርድ ደግሞ ያንጠለጥላታል። የእርስዎ ጀልባ የገጠማት ይኸው ነው። እንደሚመስለኝ ገመዱን ያሰሩት ታችኛው አግዳሚ እንጨት ላይ ነበር፤ ከዝቅተኛ ቦታ የሚጎትት አጭር ገመድ ካለ ደግሞ ጉዳቱ ይፈጥናል።

«ገመዱ ከረዘመ ጀልባዋ ትወዛወዛለች፣ ከጣውላው ጋር ትላተማለች» ይሉኝ ይሆናል። በአንድ ገመድ ከሆነ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ማሳጠር ሳይሆን አራት ገመድ ማድረግ ነው። አንዱ ከአፍንጫዋ ተነሥቶ ከጀልባዋ ፊት ለፊት ወዳለው ምሰሶ፣ ሁለተኛው ከጅራቷ ተነሥቶ ከኋላዋ ወዳለው ምሰሶ ይሄዳል። እነዚህ ሁለቱ ከማቆሚያው እንዳትርቅ ይይዟታል። ሌሎቹ ሁለቱ ብዙ ሰው የሚረሳቸው ናቸው፤ ሥራው ግን ያለው እነሱ ጋ ነው። አንደኛው ከአፍንጫዋ ወደ ኋላ፣ በጅራቷ አጠገብ ወዳለው ምሰሶ፣ ሌላኛው ከጅራቷ ወደ ፊት፣ በአፍንጫዋ አጠገብ ወዳለው ምሰሶ ይሄዳል፤ ከላይ ሲታዩ በጀልባዋ ጎን ላይ ተጠላልፈው ይተኛሉ። ጀልባዋ ወደ ፊት ልሂድ ስትል አንዱ፣ ወደ ኋላ ልሂድ ስትል ሌላው ይይዛታል። ሁለቱም የጀልባዋን ርዝመት ያህል ረጅም ስለሆኑ የውሃውን መነሣትና መውረድ ሳይቸገሩ ይከተላሉ። ለአምስት ሜትር ጀልባ የፊትና የኋላ ገመዶቹ ከሦስት ተኩል እስከ አራት ሜትር፣ የተጠላለፉት ሁለቱ አምስት አምስት ሜትር ይሁኑ፤ ለቋጠሮው ደግሞ በእያንዳንዱ ላይ ሜትር ተኩል ይጨምሩ። ማቆሚያው ከጀልባዋ ካጠረ መሬቱ ላይ ወፍራም ችካል አዘንብለው ይትከሉና የፊቱን ወይም የኋላውን ገመድ እዚያ ያድርጉ። ችካሉ ከሚጎትተው አቅጣጫ ወደ ኋላ ማዘንበል አለበት፤ ወደ ጀልባዋ ካዘነበለ ይነቀላል።

ገመዶቹን ሲያስሩ ውጥር አያድርጓቸው። ጀልባዋን በእጅዎ ከማቆሚያው ገፋ ሲያደርጓት የአንድ ጋት ያህል እንድትርቅ፣ ከዚያ እንድትያዝ ይተዉላት። በእርሷና በጣውላው መካከል መከላከያ ያንጠልጥሉ። አሮጌ ጎማ ይሠራል፣ ፋይበሩን ግን ያጠቁራል፣ ይፍቀዋልም፤ በሸራ ወይም በጆንያ ቢለብስ ይሻላል።

አሁን ወደ ቋጠሮዎቹ ልምጣ። ሦስት ብቻ ይበቁዎታል፤ ከዚያ በላይ መማር ለጌጥ ነው።

ምሰሶው ላይ የሚያስሩት በሁለት ዙርና በሁለት ማሾለክ ይሁን። ገመዱን በምሰሶው ዙሪያ ሁለት ጊዜ ይጠምጥሙት፤ ከፊት ሲያዩት ሁለት መስመር ጎን ለጎን መታየት አለበት። ከዚያ ጫፉን ወደ ጀልባዋ በሚሄደው ገመድ ዙሪያ አንድ ጊዜ አዙረው በራሱ ሥር ያሾልኩትና ይሳቡት፤ በዚያው አቅጣጫ አንድ ጊዜ ይድገሙት። አቅጣጫው ካልተቀየረ ሁለቱ ማሾለኪያዎች አንድ ዓይነት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ከዞረ ቋጠሮው ይጎረብጣል፣ ይዞታውም ይቀንሳል። የዚህ አስተሳሰር ጥቅሙ ሸክሙን የሚይዙት ሁለቱ ዙሮች በመፋተግ መሆናቸው ነው። ማሾለኪያዎቹ ዙሮቹን እንዳይፈቱ ብቻ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ውሃው ሞልቶ ጀልባዋ ገመዱን ወጥራው ብታገኟት እንኳ ማሾለኪያዎቹን ፈትተው፣ ዙሮቹን ይዘው፣ ቀስ እያሉ መልቀቅ ይችላሉ። ያን ሌሊት ይህ ቢኖርዎት ቢላ አያስፈልግዎትም ነበር።

ጀልባዋ ላይ ባለው ቀለበት የሚያስሩት ቦውላይን በሚባለው ይሁን። ይህ ሲሳብ የማይጠብቅ፣ ሲላላ በቀላሉ የሚፈታ ዓይን፣ ማለትም የገመድ ቀለበት ነው። ከገመዱ ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብለው ትንሽ ቀለበት ይሥሩ፤ በጫፉ በኩል ያለው ገመድ ከላይ ይረፍ። ጫፉን በብረት ቀለበቱ ያሳልፉት፣ መልሰው በሠሩት ትንሽ ቀለበት ከሥር ወደ ላይ ያውጡት፣ ከዋናው ገመድ ጀርባ ያዙሩት፣ እንደገና በዚያችው ትንሽ ቀለበት ወደ ታች ያስገቡት። ከዚያ ዋናውንና ጫፉን በተቃራኒ ይሳቡ። የሚተርፈው ጫፍ ለባለ 12 ሚሊ ገመድ ከ15 ሳንቲ አይነስ፤ እኔ 20 እመክራለሁ። ይህ ቋጠሮ ሁለት ድክመት አለው። ደረቅና የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ገመድ ላይ፣ ሳይሳብ ሲነቃነቅ ካደረ ሊላላ ይችላል፤ ስለዚህ የተረፈውን ጫፍ በዓይኑ አንድ ጎን ላይ አንድ ጊዜ ይቋጥሩት። ሁለተኛው ድክመቱ ተወጥሮ ሳለ አይፈታም። ሁለቱንም ጫፍ በቦውላይን ያሰረ ሰው ውሃው በሞላ ሌሊት ያው ቢላ ነው የሚፈልገው።

ብዙ የጀልባ ሰዎች ዓይኑን ማቆሚያው ላይ አድርገው የሚስተካከለውን ጫፍ ጀልባው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ጀልባው ውስጥ ሰው ስላለ ከዚያ ሆኖ ያስተካክላል። የእርስዎ ጀልባ ግን ሌሊት ባዶ ናት፣ ሊያስተካክል የሚመጣው እርስዎ ወይም ጠባቂው በእግር ነው። በጨለማና በዝናብ ወደምትናወጥ ጀልባ መግባት የለበትም። ስለዚህ ለእርስዎ ተቃራኒው ይሻላል፤ ዓይኑ ጀልባዋ ላይ፣ የሚለቀቀው ጫፍ ምሰሶው ላይ።

ሦስተኛው፣ ማቆሚያው ላይ ወይም ጀልባዋ ጎን ላይ ባለሁለት ቀንድ የብረት ማሰሪያ ካስገጠሙ የሚጠቅም ነው። ገመዱን ከሚመጣበት አቅጣጫ ራቅ ወዳለው ቀንድ ወስደው በሁለቱም ቀንዶች ሥር አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩት፤ ከዚያ በላይ በኩል አሻግረው ስምንት ቁጥር አንድ ጊዜ ይሥሩ፤ በመጨረሻ ገመዱን በእጅዎ ጠምዘዝ አድርገው ዓይን ሠርተው ቀንዱ ላይ ያጥልቁት። ትክክል ሲሆን የመጨረሻው ገመድ ከሥሩ ካለው ጋር ጎን ለጎን ይተኛል። በዚህ ይቁም። ቀንዱ እስኪሞላ ስምንት ቁጥር መደርደር የተለመደ ነው፤ ጥቅም የለውም፣ በችኮላ ሲፈቱት ብቻ ያበሳጫል። የመጀመሪያውን ሙሉ ዙር ዘልለው በቀጥታ ስምንት ቁጥር ከጀመሩ ደግሞ ገመዱ ይቆለፋል፤ ተወጥሮ ሳለ አይለቅዎትም።

የማልመክራቸውም አሉ። በምሰሶ ላይ ሁለት ጊዜ አጣምሮ ጫፉን ከመሀል የማውጣት አስተሳሰር በሬም በቅሎም ለማቆየት ይሆናል፤ ለጀልባ ግን ብቻውን አይበቃም። ክብ ምሰሶ ላይ፣ ጀልባዋ ደጋግማ ስትስበው፣ እየዞረ ቀስ በቀስ ይለቃል። ከተጠቀሙበት ከላዩ ሁለት ማሾለክ ይጨምሩ። ጫፉን ሳብ ሲያደርጉት ተዘርግፎ የሚፈታው የቁልፍ አስተሳሰር ደግሞ ሰው ለማውረድ ለጥቂት ደቂቃ ለመቆም ጥሩ ነው፤ ለሌሊት ግን አይሆንም። ግድቡ ዳር የሚጫወት ልጅ የሚንጠለጠል ጫፍ ካየ መሳቡ አይቀርም።

የሾለከውን መቀጠያ በተመለከተ፣ ግራ በቀኝ ቀኝ በግራ የሚታሰረውን የተለመደ የዕቃ ቋጠሮ ሠርተው መሆን አለበት። ያ ቋጠሮ ጥቅል ዕቃ ላይ ተጫን ብሎ ሲቀመጥ ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለት ገመድ መቀጠያ ሆኖ በአየር ላይ ሲነቃነቅ፣ በተለይም ገመዶቹ በውፍረት ከተለያዩ፣ ተገልብጦ ይሾልካል። ጀልባም፣ የሰው ሸክምም፣ የጉድጓድ ባልዲም በእሱ አይንጠልጠል። መቀጠል ግድ ከሆነ የወፍራሙን ገመድ ጫፍ አጥፈው ይያዙ፤ የቀጭኑን ጫፍ ከሥር በዕጥፋቱ ውስጥ አውጥተው፣ በዕጥፋቱ ጀርባ ሁለት ጊዜ አዙረው፣ ሁለቱንም ጊዜ በራሱ ሥር ያሾልኩት። ሁለቱ አጫጭር ጫፎች በአንድ ጎን ይዋሉ። ይህ ይይዛል። ግን ለአራት ገመድ የሚሆን ርዝመት መግዛት ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

ስለ ግዢው፦ መርካቶም ሆነ አቃቂ ገበያ ላይ «ናይለን» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ናይለን አይደለም። ከጫፉ ትንሽ ቆርጠው ውሃ ላይ ይጣሉት። ከተንሳፈፈ ናይለን አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ርካሽ፣ ደረቅ፣ የሚያንሸራትት፣ ቋጠሮ የማይወድ ገመድ ነው፣ ፀሐይም ቶሎ ይጨርሰዋል። ናይለን ይሰምጣል። እርስዎ ያሉበት ቦታ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ በዚህ ከፍታ ፀሐይ ከቆላው ይልቅ ፕላስቲክን ታደርቃለች። ላዩ እንደ ዱቄት የሚራገፍ፣ ሲታጠፍ ክሩ የሚሰባበር ገመድ በዓይን ወፍራም ቢመስልም አልቋል። ለጀልባ ማሰሪያ ናይለን የሚመረጠው ስለሚለጠጥ ነው፤ ነፋስ ሲመታት ግፊቱን ቀስ አድርጎ ይውጠዋል፣ ቀለበቱንና ምሰሶውን አይመታም። ሲርስ ከአቅሙ ጥቂት ያጣል፤ ባለ 12 ሚሊ የምልዎት ይህን ሁሉ ቆጥሬ ነው። ባለ 10 ሚሊ ጥንካሬው ይበቃ ነበር፤ ግን ሲፋተግ የሚበላው ትርፍ የለውም፣ ለእጅም ቀጭን ነው። የቃጫ ገመድ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲርስ ያብጣል፣ ቋጠሮው ይጠነክራል፣ ከውስጥ ይበሰብሳል። የተቆረጠውን የናይለን ጫፍ በናስትሮ ጠቅልለው በእሳት ያቅልጡት፤ አለዚያ ይተረተራል።

የመጀመሪያው መበጠስ እንዳይደገም ገመዱ የሚነካካባቸውን ቦታዎች ይፈልጉ፦ የጀልባዋ ጠርዝ፣ የጣውላው ማዕዘን፣ ወጣ ያለ ምስማር። ከአትክልት ማጠጫ ጎማ ሁለት ክንድ ያህል ቆርጠው ገመዱን በውስጡ ያሳልፉና መፋተጊያው ላይ ያቁሙት፤ እንዳይንሸራተትም ጎማውን በቀጭን ሲባጎ ያስሩት። ከስድስቱ ቋጠሮ ይልቅ ይህች ቁራጭ ጎማ ጀልባዎን ታድናለች።

የታሰረበት ነገርስ? ከጣውላው ወይም ከእጅ መደገፊያው ጋር በፍጹም አይሰሩ፤ በምስማር የተያዘ ነገር ይነቀላል። ከምሰሶው ጋር ይሁን፤ ምሰሶውም ይፈተሽ። ባሕር ዛፍ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ውሃውና አየሩ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው፤ ከላይ ጤነኛ መስሎ እዚያ ጋ ቢላ ሲሰኩበት የሚገባለት ከሆነ ይቀየር። ጀልባዋ ላይ ያለውን ቀለበትም ከውስጥ በኩል ይመልከቱ። በቪቴ ብቻ ፋይበሩ ላይ የተያዘ ከሆነ አንድ ቀን ይዞት ይወጣል። በቡሎን አልፎ፣ ከጀርባው መዳፍ የሚያህል ላሜራ ወይም ጠንካራ ጣውላ ተደርጎ፣ በሮንዴላና በዳዶ መታሰር አለበት። ጅራቷ ላይ ቀለበት ከሌለ በዚሁ መንገድ ያስገጥሙ፤ አራቱ ገመድ ያለ እሱ አይሆንም።

ሰንሰለቱን ያነሡት ለጥንካሬ ከሆነ አይሆንም። ሰንሰለት አይለጠጥም፤ ጀልባዋ በተነቃነቀች ቁጥር ግጭቱን በሙሉ ለቀለበቱ ያደርሳል፣ ፋይበሩን ይፈጫል፣ ይዝጋል። ለሌባ ከሆነ ግን ያስፈልጋል፤ ግድቡ ዳር ይህ ስጋት እንዳለ አውቃለሁ። እንዲህ ያድርጉት፦ ሸክሙን አራቱ ገመዶች ይያዙ፣ ሰንሰለቱ ከእነሱ ሁሉ ረዝሞ፣ ልል ሆኖ፣ ሳይወጠር ተቆልፎ ይደር። ቁልፉ ደግሞ ሌሊት ለሚጠብቀው ሰውም ይኑር። ውሃው ሲሞላ ቁልፉ ከባለቤቱ ጋር ቤት ውስጥ ከተገኘ፣ ሰንሰለቱ ጀልባዋን የሚያሰምጥ ይሆናል።

ገመድ የማይችለውም አለ። አንደኛው ዝናብ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። የጀልባዎ ክፍት ቦታ ስድስት ካሬ ገደማ ከሆነ፣ 30 ሚሊ ሜትር የጣለበት አንድ የነሐሴ ሌሊት 180 ሊትር፣ ማለትም 180 ኪሎ ያስገባባታል። ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ሌሊት ሳይቀዳ ከተከታተለ ግማሽ ቶን ደረሰ። ምንም ያህል በጥሩ ቋጠሮ ብትታሰር እዚያው እንደታሰረች ትሰምጣለች። ሸራ ያልብሷት፤ ሸራው ከመሀል በእንጨት ከፍ ብሎ በሁለቱም ጎን ውሃውን ያፍስስ፤ ከረገበ ገንዳ ይሆናል።

ሁለተኛው እንቦጭ ነው። ነፋስ አንድ ሰፊ የእንቦጭ ምንጣፍ ነድቶ ጀልባዋ ላይ ሲያሳርፈው፣ ገመዱ የሚይዘው ጀልባዋን ብቻ መሆኑ ይቀርና ያን ሁሉ አረም ይሸከማል። ያኔ ወይ ገመድ ይሄዳል፣ ወይ ቀለበት፣ ወይ ማቆሚያው ራሱ ያዘማል። ጀልባዋን ነፋስ ከሚያመጣው ወገን በተቃራኒ፣ ማቆሚያው በሚከልላት ጎን ያቁሟት። ካልተቻለ ከፊቷ ረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ በሁለት ገመድ አስረው ውሃው ላይ ያንሳፍፉ፤ ምንጣፉ መጀመሪያ እሱ ላይ ይቆማል። የተጠጋውን አረም በየቀኑ መግፋት ግን ከሥራው አይቀርም። ያ ውሃ የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ የሚቀበል ስለሆነ ቁስል ባለበት እጅ ወይም ያለ ጓንት አይንኩት።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርዎት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በአራት ባለ 12 ሚሊ የናይለን ገመዶች፣ በጀልባዋ በኩል በቦውላይን፣ በምሰሶው በኩል በሁለት ዙርና በሁለት ማሾለክ ይሰሯት። ከሰኔ እስከ መስከረም በየቀኑ የማይሠሩባት ከሆነ ግን ከውሃው ያውጧት። ጣና ላይ የደንገል ታንኳቸውን እንዲደርቅ ወደ ዳር የሚያወጡት ሰዎች ልክ ናቸው፤ ፋይበር እንደ ደንገል ባይርስም ውሃ ላይ ያልሆነች ጀልባ አትደፋም፣ እንቦጭም አይነዳትም። ከሥሯ ክብ ግንዶች ደርድረው አራት አምስት ሰው ሆናችሁ ብትስቧት ትወጣለች፤ ከከፍተኛው የውሃ ምልክት በላይ አውጥተው፣ ደፍተው ወይም ሸራ አልብሰው፣ ያኔም ቢሆን ከዛፍ ጋር ይሰሯት። በክረምትም መሥራት ግድ ከሆነብዎት፣ ማቆሚያው አጠገብ ሁለት ወፍራም የብረት ቱቦ ቀጥ አድርገው ያስተክሉና በእያንዳንዱ ላይ ያለ ችግር ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ሰፊ የብረት ቀለበት ያጥልቁ። የፊትና የኋላ ገመዶችዎን እዚያ ቀለበት ላይ ካሰሩ ቀለበቱ ከውሃው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ቱቦው ውሃው ከዚህ በፊት ከደረሰበት ከፍታ ቢያንስ አንድ ሜትር መርዘም አለበት፣ ከላዩም ቀለበቱ እንዳይወጣ መዝጊያ ይበየድለት።

ስለ እጅና እግር ጥቂት ልጨምር። የተወጠረ ገመድ ሲለቁ መዳፍዎ ላይ አይጠምጥሙት፤ ጀልባዋ ድንገት ከሳበች ጣት ይዛ ትሄዳለች። በተወጠረ ናይለን ቀጥታ መስመር ላይ አይቁሙ፤ ሲበጠስ ወደ ኋላ ተመንጥቆ ይመታል። ጀልባዋ ወደ ጣውላው ስትጠጋ በእግር ለማቆም አይሞክሩ። ውሃ ገብቶባት ያደረች ጀልባ ውስጥ ደግሞ ዘለው አይግቡ፤ ውስጧ ያለው ውሃ ወደ ረገጡበት ጎን ተንከባሎ ይገለብጣታል። ከማቆሚያው ላይ ሆነው በባልዲ ይቅዱ።

ቋጠሮዎቹን ጀልባው ላይ ከመሞከርዎ በፊት ቤት ውስጥ በወንበር እግር ላይ ይለማመዱ፤ ዓይንዎን ጨፍነው እስኪሠሯቸው ድረስ። ጠባቂውም ይልመዳቸው። ክረምቱ ሲወጣ ገመዶቹን አውጥተው በንጹሕ ውሃ ይጠቡ፣ ጥላ ላይ ያድርቁ፣ በእጅዎ እየዳሰሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዩዋቸው። ዳር ላይ ብቻ ትንሽ የተፋተገውን ጫፍና ጫፉን አቀያይረው ሌላ ዓመት ይጠቀሙበት። ገመዱ ከተገመደባቸው ሦስት ጥምዞች አንዱ የተበላበት ወይም ላዩ የሚራገፍ ከሆነ ግን ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይገለገልበት ቆራርጠው ይጣሉት።